ጉም ውስጥ የቆሙ ሽማግሌዎች

፩

«ይኸውላችሁ ፏፏቴው!» አለ ስካውቱ፣ ጣቱን ወደ ጉሙ ቀስሮ።

አጨበጨብን።

፪

ፏፏቴውን አላየነውም። ይህ ከወዲሁ ይታወቅ። ሰምተነዋል፤ ከታች የሆነ ቦታ አንድ ትልቅ ነገር ሳያቋርጥ ይወድቃል። ከፊታችን ያለው ግን ነጭ ነው፤ ከኋላችንም እንደዚያው። የስካውቱ ጣት ራሱ ጫፉ ላይ ደብዘዝ ብሎ ነበር።

ስካውቱ ስማቸው ይባላል፤ በእኔ ዕድሜ የሚሆን የደባርቅ ሰው ነው። ስሜን ተራሮች የገባ ጎብኚ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ሳያስከትል ወዲያ ወዲህ አይልም። ስማቸው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን እላዩ ላይ ሰቅሎ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሲደጋግም ዋለ።

«አሁን ይገልጣል።»

፫

ስሜ ፍሬገነት ነው። ሥራዬ የዕቃ መመሪያ መተርጎም ነው። ምድጃ ገዝተው፣ ካርቶኑ ውስጥ «ከመለኮስዎ በፊት ይህን ያንብቡ» የሚል ወረቀት አግኝተው፣ ሳያነቡ ከጣሉት የጣሉት የእኔን ድካም ነው። አልቀየምም፤ እኔም የራሴን ምድጃ መመሪያ አላነበብኩም።

ለዚህ ነው ይህንን ታሪክ በቁጥር የምጽፈው። ነገር ሁሉ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ ካልተከፋፈለ አይገባኝም። ቁጥር በቁጥር ይከተሉኝ፤ በዚያ ቀን ሌላ የምንይዘው ነገር አልነበረም።

፬

በሚኒባሱ የተጓዙ፦

እናቴ፣ ወይዘሮ ዘርትሁን። ጉልበቷን ያማታል። ምላሷ ጤነኛ ነው።

አቶ ኅሩይ። የሰፈራችን እድር ንብረት ኃላፊ ናቸው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው። በፊት «ጋሼ ኅሩይ» እላቸው ነበር። እናቴን ማግባት እንደሚፈልጉ ከሰማሁ ወዲህ «አቶ» ሆነዋል።

ሻለቃ ምሕረቱ፣ መምሬ ወልደሰንበትና አቶ ቦጋለ። ሦስቱም የእድሩ ሰዎች ናቸው። ሦስቱም «ለአየር ለውጥ ነው የመጣነው» ይላሉ። ሻለቃና አቶ ቦጋለ ለአየር ለውጡ ሱፍ ለብሰው ክራባት አስረዋል። የመምሬ ነጭ ጥምጥም ከጉሙ ጋር ስለተቀላቀለ ፊታቸው ብቻውን የሚሄድ ይመስል ነበር።

እኔ።

አንድ ፈላጊ፣ አንዲት ተፈላጊ፣ ሦስት ሽማግሌ። መቁጠር የሚችል ሰው ይህ ሽርሽር እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዋል። እኔ የገባኝ ከደባርቅ ካለፍን በኋላ ነው።

፭

ነገሩ እንዲህ ነው።

አባቴ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። አቶ ኅሩይ እናቴን ማግባት ይፈልጋሉ። እናቴም አልጠላችም። ግን ሽማግሌ የሚላክበት ቤተሰብ ያስፈልጋል፤ አባት የላትም፣ ወንድሞቿ አልፈዋል። የቀረሁት እኔ አንድ ልጇ ነኝ። እሷ ደግሞ «ልጄ ወዳ ሳትፈቅድ ከደጄ አልወጣም» ብላለች።

ስለዚህ አንዲት ትልቅ ሴት የእኔን አንድ ቃል ትጠብቃለች።

አልከለከልኳትም። ይህ ይያዝልኝ። ሸሸሁ እንጂ አልከለከልኩም።

፮

ሽሽቱ፦

በመጀመሪያ ቤቴ መጡ። በመስኮት ክራባቶቹን አየሁና በጓሮ በር ጨው ልገዛ ወጣሁ። ጨው ለመግዛት አምሽቼ ነው የተመለስኩት።

ቀጥሎ መሥሪያ ቤት መጡ። ከጥበቃው ስልክ ሲደወልልኝ ድምፄን አወፍሬ «ፍሬገነት ስብሰባ ላይ ናት» አልኩ። ሻለቃ ስልኩን ተቀብለው «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ወንድም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሻለቃ እድሩን ሰብስበው አንድ ሐሳብ አቀረቡ አሉ። ሐሳቡ አጭር ነበር።

«ተራራ ላይ ታክሲ የለም።»

፯

ሽምግልና፦ የአጠቃቀም መመሪያ

ሀ. ሽማግሌዎቹ ከሦስት አይነሱ። ፈላጊው ራሱ አብሮ አይቆምም፤ ነውር ነው። (አቶ ኅሩይ ሰዓቱ ሲደርስ ሚኒባሱ ውስጥ እንዲደበቁ ተወስኗል።)

ለ. ሽማግሌ ሲመጣ ቆሞ ይለምናል። «ተቀመጡ» ቢባል አይቀመጥም። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል። መልስ ሳያገኝ የተቀመጠ ሽማግሌ ለሻይ የመጣ እንግዳ ነው። ጉዳዩ ከተሰማ በኋላ «ተቀመጡ» መባል ግን እሺታ ነው።

ሐ. ተጠያቂው ወገን ዝም ይላል። ቶሎ የመለሰ ቤተሰብ ሰውን የጣለ ይመስላል። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ክብሩ ይጨምራል።

መ. ማስጠንቀቂያ፦ ተጠያቂው ዝም ካለ፣ ማን እንደሆነ ጠጋ ብለው ያረጋግጡ።*

* ይህ አንቀጽ ከዚህ ጉዞ በኋላ የተጨመረ ነው።

፰

እስከ ረፋድ የታዩ እንስሳት፦

ዋልያ። ስማቸው «እዚያ ገደሉ ላይ መንጋው ተኝቷል» ብሏል። ጉም።

ቀይ ቀበሮ። አቶ ቦጋለ አይተዋል። «ቀሚሷ እሳት ነው!» አሉ። ስታዛጋ ስማቸው «ቡቺ!» ብሎ ጠራት፤ ጅራቷን እየቆላች መጣች። የጥበቃዎቹ ውሻ ነበረች።

ጥንብ አንሳ። ጥላው። ምናልባት።

ቁራ። አንድ። ከመምሬ እጅ ዳቦ ነጥቆ ሄዷል። እጅግ በግልጽ ታየ።

ሰው። አልፎ አልፎ።

፱

(ይህ ቁጥር በጉም ተሸፍኗል። ስማቸው አሁን ይገልጣል ብሏል።)

፲

እስኪገልጥ ድረስ እውነቱን ልንገርዎ።

የእናቴ ቤት ቁልፍ አለኝ። በሩን ከፍቼ ስገባ ማድ ቤት ሆና፣ ሳታየኝ፣ በአረማመዴ ብቻ አውቃኝ «መጣሽ?» ትላለች። አቶ ኅሩይ ከገቡ አንድ ቀን በዚያ በር ስገባ የወንድ ድምፅ «ማነው?» ይላል። ያደግኩበት ቤት ውስጥ «ማነው?» መባል አልፈልግም።

ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ። ሰውየው አይጠጡም፣ አይሳደቡም፤ እናቴ ስትቀልድ ቀድመው የሚስቁት እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ አባቴ የሞተ ቀን ድንኳኑን የተከሉት እሳቸው ናቸው። ካስማ ሲመቱ አይቻቸዋለሁ። ሠልስቱ ካለፈም በኋላ «ሸራው ርጥብ ነው፣ እዚሁ ይድረቅ» ብለው ድንኳኑን ሳያነሡ ሰነበቱ። የሰው ሐዘን ላይ ዕቃ የሚያደርቁ ሰው ናቸው ብዬ ያዝኩባቸው።

ምክንያት አይባልም፣ አውቃለሁ። ፈርቻለሁ ነው የምልዎ። እናቴን የሚወስዱብኝ መስሎኝ ፈርቻለሁ፤ ዕድሜዬ ደግሞ ሠላሳ ስድስት ነው፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ተብሎ አይወራም።

፲፩

ከሳንቃበር ካምፕ አለፍ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ ሜዳ። እናቴ ክንዴን ይዛኛለች።

እማዬ፦ እዪው እንጂ አገሩን።

እኔ፦ ምኑን?

እማዬ፦ ጉሙን።

እኔ፦ ሻለቃ ግን ክራባት አስረው ነው ተራራ የሚወጡት?

እማዬ፦ ወታደር አይደሉ። ልማድ ነው።

እኔ፦ አቶ ቦጋለስ?

እማዬ፦ (አሰብ አድርጋ) የወታደር ጎረቤት ናቸው።

እኔ፦ እማዬ።

እማዬ፦ በይ ነይ፣ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀመጪ። ጀርባሽን ለመንገዱ ሰጥተሽ። እንደሱ። ኮቱን ወደ ላይ ሳቢው።

እኔ፦ ለምን?

እማዬ፦ ዕይታው ጥሩ ነው።

እኔ፦ ምንም አይታይም።

እማዬ፦ ሲገልጥ። እንዳትነሺ!

ኮቱ ከሰልባጅ ተራ የገዛሁት ነው፤ ቡናማ፣ ጸጉራም፣ ትከሻው ላይ አንገትጌው እንደ ጎፈር የሚዘረፈፍ። ስገዛው ያማረብኝ መስሎኝ ነበር። ያስታውሱልኝ፤ ወዲያው ያስፈልገናል።

፲፪

ተነሣሁ።

ጠዋት ብዙ ሻይ ጠጥቼ ነበር። ከዚህ በላይ ዝርዝር አያሻም። አጠገቤ አንድ ትልቅ የአስታ ዛፍ ነበረ፤ ሽበት የመሰለ የዛፍ ጢም ከየቅርንጫፉ እስከ መሬት የተንጠለጠለበት። ከኋላው ዞርኩ።

፲፫

ከዛፉ ጀርባ እንዳለሁ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። አንድ ጉሮሮ፤ ሌላ ጉሮሮ፤ ሦስተኛ ጉሮሮ።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። በመስኮት የሰማሁት ነው።

ግራዬ ገደል ነው። ቀኜ እናቴ ናት። ታክሲ የለም።

ቁጭ አልኩ።

፲፬

አሁን የምጽፈው ኋላ ከሽማግሌዎቹ አፍ ለቃቅሜ የሰበሰብኩት ነው።

ሻለቃ ምሕረቱ ቀድመው፣ መምሬና አቶ ቦጋለ ተከትለው መጡ። እናቴ ደንቡን አክብራ ወደ መንገዱ ፈቀቅ ብላ ቆማለች፤ ከዚያ ሆና የሚታያት የሽማግሌዎቹ ጀርባ ብቻ ነው። ጉሙ ወፍሮ ነበር። ድንጋዩ አጠገብ ቡናማ፣ ጸጉራም፣ ትከሻው ላይ የሚዘረፈፍ ነገር ለብሶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጉብ ብሎ የተቀመጠ ሰው አዩ።

ሻለቃና አቶ ቦጋለ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ተሰለፉ።

፲፭

የልመናው ቃል፣ ከዛፉ ጀርባ እንደተሰማ፦

ሻለቃ፦ እንደምን ዋልሽ፣ ልጃችን።

(ዝምታ።)

መምሬ፦ (በሹክሹክታ) ኮራች።

ሻለቃ፦ ይገባታል። የትልቅ ሰው ልጅ ናት። እንግዲህ ልጄ፣ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ…

አቶ ቦጋለ፦ ኧረ ሻለቃ፣ ምሳሌው ይቅርና ወደ ነገሩ! እግሬ ደርቋል።

ሻለቃ፦ እሺ። ልጄ፣ አባትሽን እናውቃቸዋለን። ነፍሳቸውን ይማር። እሳቸውን የሚተካ ሰው የለም፤ ልንተካም አልመጣንም።

(ዝምታ። ሣር የሚነጭ ድምፅ፤ ቅጭ፣ ቅጭ።)

አቶ ቦጋለ፦ ምን እያደረገች ነው?

መምሬ፦ ሣር ትነጫለች። አፍራ ነው። የድሮ ሴት እንዲህ ነበረች፤ ባለቤቴ ስትታጭ አንድ መስክ ልትጨርስ ነበር።

ሻለቃ፦ ኅሩይን ታውቂዋለሽ። አንድ ነገር ግን አታውቂም፤ እሱም እንድነግርሽ አይፈልግም፤ እኔ ግን ሽማግሌ ነኝ፣ አልደብቅም። የአባትሽ ሠልስት አልፎ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን ድንኳኑን ልንነቅል መጣን። እናትሽ በረንዳው ላይ ቆመው ሸራውን ያያሉ። ኅሩይ አያቸውና «ሸራው ርጥብ ነው፣ እዚሁ ይድረቅ» አለን። ልጄ፣ በጋ ነበር። ጠብታ አልወረደም። «ድንኳኑ ከተነሣ ግቢው ባዶ ይሆንባቸዋል፤ ትንሽ ይልመዱት» አለን ለብቻችን። ሌላ ሰፈር ለቅሶ ነበረ፤ ከሌላ እድር ተውሶ ተከለ እንጂ ያንን ድንኳን አልነካም።

(የሣሩ ድምፅ ቆመ። እኔም ከዛፉ ጀርባ ግንዱን ያዝኩ።)

መምሬ፦ ነካት። ዞር አለች።

ሻለቃ፦ ልጄ…

መምሬ፦ ሳቀች! ጥርሷን አየሁት! እልል በሉ!

አቶ ቦጋለ፦ ሻለቃ።

ሻለቃ፦ ዝም በል ቦጋለ፣ ልጅቷ ልትመልስ ነው።

አቶ ቦጋለ፦ ሻለቃ… ጥርሷ…

፲፮

ተነሣች።

፲፯

ጅራት ነበራት።

፲፰

ለማያውቅ አንባቢ ማስታወሻ፦ ጭላዳ የስሜን ተራሮች ዝንጀሮ ነው፤ ወንዱ ትከሻው ላይ የቆየ የጀግና ለምድ የመሰለ ጎፈር አለው። ውሎው ቁጭ ብሎ በእጁ ሣር እየነጨ መብላት ነው። ሲሰለቸው ደግሞ የላይኛውን ከንፈሩን እስከ አፍንጫው ገልብጦ ጥርሱን ከነድዱ ያሳያል። ይህ ሳቅ አይደለም። «ሂዱልኝ» ማለት ነው።

ብቻውንም አይሄድም።

ድንጋይ የመሰሉን ሁሉ ተነሡ። በግራ ያለው ድንጋይ ተነሣ። በቀኝ ያለው ድንጋይ ልጁን አዝሎ ተነሣ። አቶ ቦጋለ ሊደገፉት እጃቸውን የዘረጉለት ድንጋይ ዞር ብሎ አያቸው።

መምሬ ማማተብ ጀመሩ። አቶ ቦጋለ ጮኹ። ሻለቃ «በሥርዓት ወደ ኋላ!» ብለው አዘዙ፤ በሥርዓት ወደ ኋላ የሄዱት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው፤ አንድ ጉብታ አደናቀፋቸውና እሱንም በሥርዓት ወደቁበት። ስማቸው በጉሙ ውስጥ ይጣራል፦ «ኧረ አይዟችሁ! ሣር በል ነው፣ ሰው አይነካም! ኧረ የኔ አባት፣ ዝንጀሮ በማማተብ ይሄዳል እንዴ!»

፲፱

ከሁሉ በላይ የሰማሁት ድምፅ ግን ከሚኒባሱ በኩል የመጣው ነው።

«ፍሬ! ፍሬ! አትንቀሳቀሺ! ገደሉ በግራሽ ነው! ባለሽበት ቁሚ፣ እኔ እመጣለሁ!»

አቶ ኅሩይ ነበሩ። የአቶ ቦጋለን ጩኸት ሰምተው እኔ ገደል የገባሁ መስሏቸው፣ አንድ እግራቸው ጫማ ሌላው ካልሲ ሆኖ፣ ምንም ወደማይታይበት ነጭ ነገር ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው ሮጡ። በጭላዳዎቹ መሀል አለፉ። አንዱን ገፋ አድርገው «ይቅርታ» አሉት።

ከዛፉ ኋላ ብቅ አልኩ።

«አለሁ» አልኳቸው።

ቆሙ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ጠረጉ። ከዚያ ፈላጊ ሽምግልና ቦታ እንደማይገኝ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው፣ እጅ ነሥተው፣ የኋሊት እየተራመዱ ጉሙ ውስጥ ተመልሰው ገቡ።

፳

ከዚያ ሳቅን። መጀመሪያ ስማቸው፣ ከዚያ መምሬ፣ ከዚያ እኔ፤ ሆዴን ይዤ መሬት ቁጭ እስክል። ሻለቃ ሱሪያቸውን እያራገፉ «ጠላት መልኩን ቀይሮ ነው» አሉ።

ክርክርም ተነሣ፤ ልመናው ተደርጓል ወይስ አልተደረገም?

አቶ ቦጋለ፦ ተደርጓል። ቃሉ ወጥቷል። የወጣ ቃል አይመለስም።

መምሬ፦ ለማን? ለአውሬ የተነገረ ቃል አይጸናም።

አቶ ቦጋለ፦ እሷም ሰምታለች፣ ዛፉ ጋ ነበረች። አልሰማሽም እንዴ ልጄ?

እኔ፦ እኔ ምን አገባኝ? የጠየቃችሁት እሱን ነው። መልሱን ከእሱ ጠብቁ።

ሁሉም ሳቁ። ጥሩ ቀልድ ነበር። ደግሞም ጥሩ በር ነበር፤ በዚያ በር ለሦስተኛ ጊዜ ሹልክ ብዬ ልወጣ እንደሆነ እኔም አውቄዋለሁ። ቀልዱ ሲያልቅ ሚኒባስ እንገባለን፣ ምሳ እንበላለን፣ ቀኑ ያልፋል። «በጋ ነበር» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ እያቃጨለ እንኳ ልወጣ ነበር።

እናቴ አልሳቀችም።

፳፩

ነጠላዋን አስተካከለች። በዚያ ጉልበቷ፣ ረጥቦ በሚያዳልጠው ሣር ላይ፣ ማንንም ሳትይዝ መጣች። ወደ እኔ የመጣች መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

አለፈችኝ።

ሄዳ ከአቶ ቦጋለ አጠገብ፣ በሰልፉ መጨረሻ፣ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ ሁለት እጇን አጣምራ ቆመች።

፳፪

ይህ ክፍል ቃል በቃል ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም።

ሻለቃ፦ ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ምን ሆኑ?

እማዬ፦ እኔም ሽማግሌ ነኝ። ዕድሜዬ አይበቃም?

ሻለቃ፦ ይህማ ደንብ አይደለም። ተፈላጊዋ ራሷ…

እማዬ፦ ዝንጀሮ መለመንስ ደንብ ነው?

(ሻለቃ ክራባታቸውን አስተካከሉ።)

እማዬ፦ እንደምን ዋልሽ፣ ልጃችን።

እኔ፦ እማዬ፣ ተይ እንጂ። ጉልበትሽን… ነይ እዚህ ድንጋዩ ላይ አረፍ በይ።

እማዬ፦ አናርፍም። ጉዳይ አለን።

እኔ፦ እማዬ!

እማዬ፦ ዘርትሁን የምትባል አንዲት ሴትዮ አለች። ደኅና ሴት ናት፤ ምላሷ ትንሽ ይረዝማል። ባሏን ቀብራለች። ትወደው ነበር፤ የሚገባውን ያህል አልቅሳለታለች። አሁን ከሬዲዮ ጋር ትጣላለች። ዜናው ሲነበብ «ውሸት ነው!» ትለዋለች፤ ሬዲዮ አይመልስላትም።

(አቶ ቦጋለ ሳቁ። ብቻቸውን እንደሆኑ ሲያውቁ ተዉት።)

እማዬ፦ ልጅ አለቻት። የተባረከች ልጅ ናት። ማታ ማታ ሳትደውል አታድርም። «በላሽ?» ትላታለች። «በላሁ» ትላታለች።

እኔ፦ እማዬ…

እማዬ፦ «ከማን ጋር?» ብላ ጠይቃት አታውቅም።

፳፫

ማንም ጉሮሮውን አልጠረገም።

እናቴን እንዲህ ቆማ አይቻት አላውቅም። በሕይወቷ ሰው ለምና አታውቅም፤ ስኳር እንኳ ካለቀባት ሻዩን ያለ ስኳር ትጠጣለች እንጂ ጎረቤት አትልክም። የቀኝ ጉልበቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። አቶ ቦጋለ ክንዳቸውን ሲሰጧት በትከሻዋ መለሰቻቸው።

እንባዬ መጣ። ጉም ነው ብዬ ልጽፍልዎ ነበር፤ ውሸት ይሆናል።

ቃሉ አንድ ነው። ሽማግሌ በዓለም ላይ እሱን ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ መልሱም እዚያው ውስጥ ነው፤ ከተባሉ ይቀመጣሉ፣ ካልተባሉ ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ቃል ተርጉሜ የማድር ሰው ነኝ፤ ድምፄ ግን እንቢ አለኝ። የመጨረሻውን መስመር ለእርስዎ ትቼዋለሁ። አይቆዩ፤ ብርድ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል።

፳፬

ሻለቃ፦ ልጃችን፣ ቆመናል።

መምሬ፦ ቆመናል።

አቶ ቦጋለ፦ ቆመናል።

እማዬ፦ ቆመናል።

እኔ፦ …………………………